ጎመኑ ሲያብብ አትንቀሉት

ለአዲስ አበባ ከተማ የከተማ ግብርናና የአረንጓዴ ልማት ሥራ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በየወረዳው ላላችሁ የጓሮ አትክልት ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ለጎመን ዘርና ለሰናፍጭ በየግቢው መደብ እንዲሰጥ፣ ሲያብቡም እንዳይነቀሉ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ብዙ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለሁ የአራት ኪሎ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ደብዳቤው ግን ይረዝማል። የአስተማሪ ነገር ነውና ታገሡኝ።

በከተማው መሀል በየትምህርት ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያውና በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የአትክልት መደብ ማየት ለምደናል። ጥሩ ነው። እኔም ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። መደቦቹ ላይ ያለው ግን ከግቢ ግቢ ያው ነው፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። የሀበሻ ጎመን፣ ማለትም ጎመን ዘር የምንለው ተክል፣ አንዳንድ ቦታ አለ። እሱም ቢሆን ቢጫ አበባ ብቅ ሲያደርግ ተነቅሎ ይጣላል። ሰናፍጭማ ጭራሽ አላየሁም።

የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ጎመን ዘርና ሰናፍጭ ከሌላው አትክልት እኩል መደብ እንዲያገኙ ነው። ሌላው፣ ከተዘሩት ውስጥ ጥቂት እግር አብቦ፣ አፍርቶ፣ ዘሩ ተወቅቶ እስኪሰበሰብ እንዲተው ነው። እውነቱን ልናገርና ሁለተኛው ይበልጥብኛል።

ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው ጥቅምት ያየሁት ነገር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ደረት ድረስ ያደገ ጎመን በአበባ ተሸፍኗል። ንቡ ይርመሰመሳል። ቆሜ ሳይ አንድ ወጣት አትክልተኛ መጣና ከነሥሩ ይመዘው ጀመር።

«ምነው ልጄ?» አልኩት።

«አርጅቷል እኮ እትዬ። ደግሞ ነገ ጎብኚ ይመጣል» አለኝ።

ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ታዝዞ ነው። ያዘዘውም ሰው ክፉ አላሰበም። መደቡ የሚመዘነው ለምለም ሆኖ በመታየቱ ነው። ጎመኑ ግን አላረጀም ነበር። ዘር ሊይዝ ነበር።

ስለ ተክሉ ትንሽ ላውራ። ጎመን ዘር ተዘርቶ፣ አብቦ፣ አፍርቶ በአንድ ወቅት የሚጨርስ ተክል ነው። መጀመሪያ ወደ ታች የሚሰድ ዋና ሥር ያበጃል። ቀጥሎ እኛ የምንበላውን ሰፊ ቅጠል ያወጣል። ከዚያ ግንዱ ይመዘዛል፤ እንደ አፈሩ ለምነት ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ወደ ላይ ሲሄድ ቅጠሉ እያነሰ፣ ቅርንጫፉ እየበዛ፣ በየጫፉ አበባ ይደረደራል። አበባውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አራት ቅጠሎች በመስቀል ቅርጽ ተዘርግተዋል። በመሀል ስድስት የወንዴ ዘንጎች አሉ፤ አራቱ ረዘም ይላሉ፣ ሁለቱ ያጥራሉ። ይህን ምልክት የያዘ ተማሪ የሰናፍጭን ቤተሰብ አይስትም። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ራዲሽ፣ የኛው ፌጦ ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ የአበባው ቀለም ብቻ ከቢጫ ወደ ነጭ ይለያይ ይሆናል። ቆስጣ ግን ከዚህ ቤት አይደለም። እሱ የቀይ ሥር ዘመድ ነው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይከራከሩኝ ነበር። መከራከራቸውን እወደዋለሁ፤ ግን አበባ ሳያዩ እንዴት ይመኑኝ? መጽሐፋቸው ላይ ያለው ሥዕል ነው። አበባው በር ላይ እያለ ይነቀላል።

አበባው ሲረግፍ ቀጭን ረጅም ቆባ ይተካል። ቆባውን ቢከፍቱት በመሀሉ ስስ ግድግዳ አለ፤ ዘሩ ከግድግዳው ግራና ቀኝ ተሰድሯል። ሲደርቅ ሁለቱ ክዳኖች ከሥር ወደ ላይ ይላቀቃሉ። ሰናፍጭ ላይ ይሄ ነገር ፋታ አይሰጥም። ትንሽ ከዘገዩ ክዳኑ ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይበተናል። መሬት የገባ የሰናፍጭ ዘር ደግሞ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ ይበቅላል፤ ገበሬው ሳይዘራው እርሻው ውስጥ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቆባው መቢጨት ሲጀምር፣ በማለዳ ጠል ሳይለቀው ማጨድ ነው። ጎመን ዘር በዚህ በኩል ታጋሽ ነው። ቆባው በቀላሉ አይፈነዳም። ለትምህርት ቤት መደብ የሚመቸውም እሱ ነው፤ ፈተና አለ፣ በዓል አለ፣ ቀን ያልፋል።

አሁን ደግሞ ወደ ዘር ሐረጉ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረ ትውልደ ኮሪያዊ ሳይንቲስት ኡ ጃንግ ቹን የጎመኖችን ዝምድና በሦስት ማዕዘን ሥዕል አስቀመጠው። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ሦስት ወላጆች አሉ። በመካከላቸው ደግሞ ከእነሱ የተዳቀሉ ሦስት ልጆች። ጥቁሩ ሰናፍጭ 16 ክሮሞዞም አለው። የጥቅል ጎመን ወገን 18 አለው። የኛ ጎመን ዘር 34 አለው። ደምሩት። አንድ ጊዜ ሁለቱ ተዳቅለው የሁለቱንም ሙሉ ክሮሞዞም የያዘ ሦስተኛ ተክል ወጣ ማለት ነው። የሰናፍጭ ልጅ ነው እንግዲህ። ፈረንጆቹም ሲጠሩት የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ይሉታል። ከጥንት ጀምሮ እየዘራ፣ እየመረጠ ያቆየውም የኛ ደጋ ገበሬ ነው።

ይህን የሰው አገር ሰው ቀድሞ ነው ያየው። የሩሲያው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ ዘር ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያንም በዓለም የሰብል መገኛዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ እዚሁ አዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ነው። ባንኩን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የእሳቸው ሥራ ትልቁ ነገር ምን መሰላችሁ? ዘር በማቀዝቀዣ ክፍል ብቻ አይበቃም፣ ገበሬው ማሳ ላይም እየተዘራ መኖር አለበት ማለታቸው ነው። በማቀዝቀዣ ያለው እንደገባ ይቆያል። ማሳ ላይ ያለው ከዝናቡና ከተባዩ ጋር እየተላመደ ይሄዳል። እኔ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ትምህርት ቤት ጓሮ ላምጣው ነው የምለው። አዲስ ግኝት የለኝም።

ዓለምስ ዝም ብሎ አላየውም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ፋልከን 20 ጄት ከዚሁ ከኛ ጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ፤ ምንም የተለመደ ነዳጅ ሳይቀላቀልበት። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ኳንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን በረራ ላይ አሥር በመቶውን ከዚህ ተክል የተገኘ ነዳጅ አድርጎ ውቅያኖስ ተሻገረ። የተመረጠበት ምክንያት አለው። ዘሩ ዘይት ይበዛዋል፣ ድርቅ ይችላል፣ ቆባው አይፈነዳም። እኛ ደግሞ ጎብኚ ይመጣል ብለን እንነቅለዋለን።

ሆኖም ይህ ዘይት ዓይነቱ ለየት ይላል። ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ረጅም ሰንሰለት ያለው ቅባት ይበዛበታል። ለማሽን ማለስለሻና ለነዳጅ ግሩም ነው። ለዘወትር ምግብ ዘይት ግን አይመከርም፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ልብ ላይ ስብ ማከማቸቱ ታይቷል። ካናዳውያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካኖላን ያወጡትም ይህን አሲድ ከጎመን ዘር ዘመድ ላይ በማዳቀል ቀንሰው ነው። ስለዚህ በየወረዳው የዘይት መጭመቂያ ትከሉ አላልኩም። ቅጠሉ ሌላ ነገር ነው፤ ያለ ስጋት ይበላል።

የእናቶቻችን አጠቃቀም በዚህ በኩል ብልህ ነበር። ጎመን ዘሩን በአብዛኛው ወደ ምጣድ ነው የላኩት። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሻል። ዘይቱ በግለቱ ሸክላው ላይ ደርቆ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እንጀራው ሳይያዝ ይነሳል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር የኮንዶሚኒየም ሰውም ቢሆን ማሰሻው ላይ ጎመን ዘር አለ። ከየት እንደሚመጣ ጠይቁት። «ከሱቅ» ይላችኋል።

ሰናፍጭ ላይ ልቆይ፤ የምወደው እሱን ነው። በሁዳዴም በፍልሰታም ገበታ ላይ ይቀርባል። አዚፋ ያለ ሰናፍጭ ምስር ብቻ ነው። ስልጆም ያለ እሱ ስልጆ አይሆንም። ጾም ሲፈታ ደግሞ ሥጋ ቤት ቁርጡ አጠገብ ከአዋዜ ጋር ይመጣል። ይህን ያህል የምንበላውን ነገር ተክሉን የሚያውቅ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ብዙው ስሙን የሰማው ከስብከት ነው።

የሚያቃጥለው እንዴት እንደሆነ ክፍል ውስጥ በአምስት ብር ወጪ ማሳየት ይቻላል። ደረቁን ዘር አሽትቱት፤ ሽታ የለውም። ውስጡ ሲኒግሪን የሚባል ቅመም አለ። ማይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ለብቻው ተቀምጧል። ዘሩ ሲፈጭና ውሃ ሲነካው ሁለቱ ይገናኛሉ። ያኔ ነው አፍንጫ የሚሰነፍጠው ተናኝ ዘይት የሚወለደው። ተክሉ ይህን የሠራው ለኛ ወጥ ብሎ አይደለም። ትል ሲነክሰው መከላከያው ነው። እንግዲህ ባለሙያ ሴት ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውሃ ፈጭታ ከድና የምታስቀምጠው በምክንያት ነው። ሙቅ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ሰናፍጩ መራራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ካደረጉበት ኃይሉ ቶሎ አይበንም። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሱፐርማርኬት በጠርሙስ የሚሸጠው ቢጫው በአብዛኛው ነጭ ከሚባለው ሰናፍጭ የሚሠራ ነው፤ ቢጫነቱ የእርድ ነው። ምላስ ይነካል እንጂ አፍንጫ ድረስ አይወጣም። ጣዕሙ የየሰው ነው፤ ለኔ ግን አይሞላልኝም።

እስኪ ንገሩኝ። የእጽዋት ትምህርት፣ ኬሚስትሪ፣ የዘር ሐረግና የቤት ጣጣ በአንድ ተክል ላይ የሚገናኙበት ሌላ ምን አለ? ደግሞ ቦታውን ተመልከቱ። ብሔራዊ ኸርባሪየሙ፣ የአገሪቱ የደረቁ እጽዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቤት፣ እዚሁ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ነው። ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች በእግር ይደረሳል። አንድ መምህር ልጆቹን ይዞ ሄዶ ደርቆ የተለጠፈውን አሳይቶ፣ ተመልሶ ሕያውን ከመደቡ ላይ ማሳየት ይችላል። ሕያው ካለ።

ስለ ኑሮም ላንሳ። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ክረምት ጎተራ ሲጎድል ቤተሰብ ያሻገረው ጎመን ነው። መስከረም ሲጠባ ተሰድቦ ይወጣል፤ ውለታው ግን እውነት ነው። ለኛ ለመሀል ከተማ ሰዎች ነገሩ እየራቀ መጣ። አትክልት ተራ ፒያሳ ነበረ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ ከዚያ ሃይሌ ጋርመንት ገባ። ጎመኑ አሁን ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ኩሊውና ነዳጁ ዋጋው ላይ ይታከላል። የግቢ መደብ ከተማ አይቀልብም፣ አውቃለሁ። ግን ከግንፍሌ እስከ ቀበና ስንት ግቢ አለ! አንድ ቤተሰብ በክረምት ለወጥ የሚሆን ቅጠል ከጥቂት ካሬ ሜትር ይቀነጥሳል።

ውሃውንም አስቡት። ለማስዋብ የተተከለው ሣር በበጋ በቦቴ ይጠጣል፤ እኛ ቧንቧ በፈረቃ እንጠብቃለን። ጎመን ዘር ሰኔ ላይ ከተዘራ የሰማዩ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ብርዱ፣ ክረምቱ፣ ቀዩም ጥቁሩም አፈር እንደሚመቸው የታወቀ ነው። አገሩ ነዋ።

እዚህ ላይ ግን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ። በየመንገዱ አካፋይና በወንዝ ዳር የሚበላ ጎመን አትዝሩ። በጭራሽ። የሰናፍጭ ቤተሰብ ከአፈር ውስጥ እንደ ካድሚየም ያለውን ከባድ ብረት በመሳብ ይታወቃል። አንዱ ዘመዱ፣ የህንድ ሰናፍጭ የሚባለው፣ የተበከለ አፈር ለማጽዳት ሲሞከርበት የኖረው ለዚሁ ነው። በአፈሩ ያለ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፤ መታጠብ አያወጣውም። በአቃቂ በኩል በወንዝ ውሃ የለሙ አትክልቶች ተመርምረው ከባድ ብረት ተገኝቶባቸዋል። ቀበናም ባንቲይቀጡም ለዘመናት ምን ሲወርድባቸው እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። የወንዝ ዳር ልማቱ ዳርቻውን አሳምሮታል። የቆየ አፈር ግን በአንድ ጊዜ አይጸዳም። «ለአበባ ብቻ እንተክለዋለን» ብትሉም አይሆንም። ሰው ነው፤ ሲያልፍ ቀንጠስ አድርጎ ይወስዳል። እዚያ ጽጌረዳውን ትከሉ። ጎመኑን ግቢ ውስጥ አድርጉት፤ በፊት ጋራዥ ወይም ቆሻሻ መጣያ የነበረ ግቢ ከሆነ አፈሩ ላብራቶሪ ይታይ። ጎመን በጤና ነው የተባለው።

ለጤና ጣቢያ መደቦች አንዲት ነገር ልጨምር። የሀበሻ ጎመን ቫይታሚን ኬ ይበዛዋል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ታካሚ በድንገት ጎመን ቢያበዛ መድኃኒቱ ይደክምበታል። ስታድሉ ጠይቁ።

አዘራሩ ከባድ አይደለም። ባለሙያዎቹ ታውቁታላችሁ፤ ይህን የምጽፈው መደቡን ለሚይዙት ተማሪዎችና ጥበቃዎች ነው። ዘሩ ደቃቅ ነው። የአንድ ሺህ ፍሬ ጎመን ዘር ክብደት ከ3 እስከ 5 ግራም ነው፤ የሰናፍጭ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ እፍኝ ሙሉ አትበትኑ። አፈሩ ይለስልስ፣ የበሰለ ኮምፖስት ይግባበት። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ዝናቡ ሲደላደል በመስመር ዝሩ፤ በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጥልቀቱ አንድ ጣት እንኳ አይሙላ፤ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር። በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ሲጠቀጠቅ አሳሱት። የሳሳውን አትጣሉት፤ ለጋው በጣም ይጣፍጣል። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ከታች ከታች ያለውን ቅጠል መቀንጠስ ነው። እምቡጡን አትንኩ።

ዋናው ጠላት ክሽክሽ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ቅጠሉ ሥር ይሰፍራል። ልጆች በሚበሉት ላይ መርጫ አያስፈልግም። የተወረረውን ቅጠል ቆርጦ ማራቅ፣ የቀረውን በቀጭን የሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ትሉን በእጅ መልቀም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዚያው መደብ ጎመንም ጥቅል ጎመንም አይመለስ፤ ባቄላ ይግባበት። በሽታውም ተባዩም ቤተሰቡን ያውቃል።

ለዘር የሚቀረውን ስትመርጡ ቀድሞ ያበበውን አትምረጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቶሎ ያበበ ጎመን ቅጠል የሚሰጥበት ጊዜ አጭር ነው፤ ዘሩን ከእሱ ከወሰዳችሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቅጠሉን ሳይሰጥ ወደ አበባ የሚሮጥ ጎመን ታወርሳላችሁ። ዘግይቶ ያበበውን፣ ቅጠሉ ሰፊውን፣ ክሽክሽ ያልደፈረውን ሪባን እሰሩበት። ከአንድ ሁለት እግር ብቻም አትሰብስቡ፤ ሃያ ያህል ቢሆን ዘሩ አይጠብም። ጎመን ዘር በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ንብ የሚያመጣውም ድርሻ ቀላል አይደለም። ቆባው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል። ሸራ ላይ አድርቆ በዱላ መውቃት፣ በወንፊት ማበጠር፣ በደረቅ ጠርሙስ ማኖር ነው። እርጥበት ካላገኘው ለዓመታት ይበቅላል።

የዘር ምንጩ ሩቅ አይደለም። ሆለታ ግብርና ምርምር በደጋ ቅባት እህሎች ላይ ለዘመናት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተለቀቀው ዬሎ ዶዶላ የሚባለው ባለ ቢጫ ፍሬ ጎመን ዘር ዛሬም ስሙ አለ። ለቅጠል ግን ከገበሬው እጅ ያለውን የአካባቢ ዘር እመርጣለሁ። የምርምር ዘሮቹ ሲመረጡ ዓይን የነበረው ፍሬውና ዘይቱ ላይ ነው። የወጥ ጎመን ሌላ ምርጫ ይፈልጋል።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠብቀው ብዙ በጀት አይደለም። የዘር ማደያ ዝርዝራችሁ ውስጥ ጎመን ዘርና ሰናፍጭ ይግቡ። በየመደቡ ጥግ ላይ አንድ መስመር ለዘር ይተው፤ «ለዘር የተተወ፣ አይነቀልም» የሚል ሰሌዳ ይቁምበት። ሰሌዳ እንደምንወድ አውቃለሁና ይሄ አያስቸግርም። ከሁሉ በላይ ግን የሪፖርት ቅጹን አስተካክሉት። ቅጹ «ስንት ካሬ ለማ፣ ስንት ኪሎ ተመረተ» ብቻ ከጠየቀ አትክልተኛው ያበበውን መንቀሉ አይቀርም። «ስንት ግራም ዘር ተሰበሰበ፣ ለማን ተሰጠ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ያቺ መስመር ከኔ ደብዳቤ ሁሉ የበለጠ ትሠራለች።

ደርቆ የቆመ ጎመን ለዓይን አያምርም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ኅዳር ላይ ሲገረጣ አያምርም። ለሁለት ወር ያህል ነው። ከዚያ በፊት ግን ወር ሙሉ ቢጫ ሆኖ ይቆያል፤ በውድ ተገዝቶ ከሚተከለው አበባ አያንስም። ንቦቹም ያመሰግኗችኋል። ጎብኚ ከመጣ ደግሞ ሰሌዳውን አንብቡለት፤ ውቅያኖስ ያሻገረው አውሮፕላን ነዳጅ ከዚህ ነው በሉት። ከሣር የተሻለ የሚነገር ነገር አላችሁ።

አሁን ዘር የሚፈልግ ትምህርት ቤት ካለ፣ ከጓሮዬ የለቀምኩት አለኝ። ጎመን ዘሩ በቂ ነው፤ በነፃ እሰጣለሁ። ሰናፍጩ ግን ትንሽ ነው፤ ግማሹም ለፍልሰታ የታሰበ ነው። ስለዚህ ሰኔ ከመግባቱ በፊት የየወረዳው ባለሙያ የጠያቂዎችን ስም ይዞ ይምጣ፣ በማንኪያ እናካፍላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአራት ኪሎ አካባቢ ነዋሪ፣ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህርት